ለጃፓን ጆንያ፣ ለእኛ ፌስታል

የአማርኛችንን የፕላስቲክ መዝገበ ቃላት ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? የውሃውን ጠርሙስ «ሃይላንድ» እንለዋለን። ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር። ውሃው ተጠጣ፣ ስሙ ግን በባዶው ዕቃ ላይ ቀረ። ዛሬ ዘይት ቢቀዳበትም ሃይላንድ ነው፤ ጠላ ቢቀዳበትም፣ ነጭ ጋዝ ቢቀዳበትም ያው ሃይላንድ። ትልቁን ከረጢት ደግሞ «ማዳበሪያ» አልነው፤ ዩሪያና ዳፕ ተሞልቶ ስለመጣ። ዛሬ ጤፍ ይሞላበታል፣ በርበሬ ይሞላበታል፣ ከሰል ይሞላበታል። «አንድ ማዳበሪያ ጤፍ ገዛሁ» ስንል የሚስቅብን ሰው የለም።

ይሄ አጠራር ደስ ይለኛል፣ ያሳስበኛልም። ዕቃውን የምንጠራው አንድ ጊዜ በያዘው ነገር ነው። ዕቃው ራሱ ምን እንደሆነ ግን ስም አላወጣንለትም። በእኛ ቋንቋ ፕላስቲክ ማለት ባዶ ነገር ነው፤ የገባበትን ይይዛል፣ የያዘውን ይመልሳል፣ ከራሱ ምንም አይጨምርም። ይህ እምነት በከተማም በገጠርም፣ በተማረውም ባልተማረውም ዘንድ እኩል የጸና ነው። ትክክል ግን አይደለም።

ከዲላ ተነስታችሁ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋጨፌ ስትወጡ፣ መንገዱ ዳርና ዳር በእንሰትና በቡና፣ ከላይ ደግሞ በትልልቅ ጥላ ዛፎች የተሸፈነ ነው። ከዚያ አረንጓዴ ውስጥ ሕጻናት ብቅ ይሉና እጃቸውን እያወዛወዙ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ይላሉ። ገንዘብ አይደለም የሚለምኑት፤ ባዶውን ጠርሙስ ነው። ለትምህርት ቤት ውሃ መያዣ ይሆናል፣ እናት ዘይት ትገዛበታለች፣ ከተረፈም ይሸጣል። አንዳንድ መንገደኛ ጠርሙሱን በመስኮት ሲወረውርላቸው የጽድቅ ሥራ የሠራ ያህል ፊቱ ይበራል። እኔም ብሆን እቃወማለሁ ማለቴ አይደለም። ውሃ የሚይዝበት ዕቃ ለሌለው ልጅ ዕቃ መስጠት ክፉ ሥራ አይሆንም። ግን ያ ጠርሙስ የተሠራው አንድ ጊዜ ውሃ ተጠጥቶበት እንዲጣል ነው። ከዚያ በኋላ ለወራት ሻይ፣ ዘይት፣ አረቄ፣ ትኩስ ወተት እንዲይዝ አስቦ የሠራው ሰው የለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚያው ዲላ፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ምሳ ስበላ አንድ ነገር አየሁ። የቤቱ ባለቤት ከእሳት የወረደ፣ ገና የሚንተከተክ ሽሮ በጭልፋ እየቀዳች ስስ ፌስታል ውስጥ ትገለብጣለች። ፌስታሉ እንደ ፊኛ ይነፋል፣ ላዩ ላይ ዘይቱ ያብረቀርቃል፣ ትቋጥረውና ለተራ ጠባቂው ትሰጣለች። የቀን ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ የባጃጅ ሹፌሩ ይዞ ይሄዳል።

«እህቴ፣ ሳህን ይዞ የሚመጣ የለም እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ፣ ማን ሳህን ይዞ ይዞራል?» አለች ሳቅ ብላ። «ደግሞ ፌስታሉ አዲስ ነው። ንጹሕ ነው። የሰው ሳህን ከዚህ ይበልጣል?»

መልሷ እስከዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ሞኝነት ስላለበት አይደለም፣ ስለሌለበት ነው። ሴትዮዋ የተማረችውን ነው የመለሰችልኝ። የጤና ትምህርት በሬዲዮም ሆነ በጤና ጣቢያ ለዓመታት ሲያስተምራት የኖረው ስለ ጀርም ነው። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ ምግብ በትኩሱ ብሉ፣ ዕቃ በንጽሕና ያዙ። ትምህርቱ ጥሩ ነበር፣ ብዙ ሕይወትም አትርፏል። በዚያ ሚዛን ከለካነው ትኩስ ሽሮ በአዲስ ፌስታል እንከን የለበትም። ችግሩ ጀርሙን የሚገድለው ሙቀት ከፕላስቲኩ ውስጥ ቅመሞቹን የሚያስወጣው ሙቀት መሆኑ ነው። ዘይቱ ደግሞ ያግዘዋል፤ ከእነዚህ ቅመሞች ብዙዎቹ ከውሃ ይልቅ ቅባት ይወዳሉ። ሙቀት፣ ቅባትና ስስ ላስቲክ በአንድ ቋጠሮ! ለኬሚስት የሚሆን የቤተ ሙከራ ሥራ ነው፤ የሚሠራው ግን ምሳ ሰዓት ላይ፣ በሰው ሆድ ነው።

እንግዲህ «ቅመም» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ልናገር። ፕላስቲክ ከዋናው ቁስ ሌላ ማለስለሻ፣ ማጠንከሪያ፣ ቀለም፣ ከፀሐይ መከላከያ ይጨመርበታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት በፕላስቲክ ውስጥ ያሉ ወይም ሊገኙ የሚችሉ ከ16,000 በላይ ኬሚካሎችን ቆጥሮ፣ ከ4,200 የሚበልጡት አሳሳቢ መሆናቸውን ገልጿል። ከእነዚህ ውስጥ የተወሰኑት ሆርሞን ይመስላሉ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሆርሞን የሰውነት መልእክተኛ ነው። ከአንድ ዕጢ ተነስቶ በደም ውስጥ ይጓዝና፣ ቁልፍ ከጓጉንቸሩ ጋር እንደሚገጥም፣ ከሕዋስ ጋር ገጥሞ «እደግ»፣ «ቁም»፣ «ወንድ ሁን»፣ «ሴት ሁን» ይላል። የሚሠራበት መጠን ለማመን ይቸግራል። እያንዳንዳቸው 20,000 ሊትር የሚይዙ 2,500 የውሃ ቦቴዎችን አሰልፉና በሁሉም ውስጥ በጠቅላላው ጥቂት አሥር ጠብታዎች ጨምሩ። በአንድ ወንድ ደም ውስጥ የሚገኘው ኤስትሮጅን የዚያን ያህል ነው። በዚህ ዓይነት ሥርዓት ውስጥ ቁልፍ የሚመስል ባዕድ ነገር ሲገባ አንዳንዱ ጓጉንቸሩን ይከፍታል፣ አንዳንዱ ይደፍነዋል። «መጠኑ ትንሽ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው የቆየ የመርዝ ሕግ እዚህ ላይ እንደወትሮው አይሠራም። ከመጠኑ ይልቅ ጊዜው የሚወስንበት አጋጣሚ አለ፤ ለአዋቂ ምንም የማይመስለው ነገር ገና የአካል ክፍሎቹ በመቀረጽ ላይ ላሉ ጽንስ ሌላ ነው።

ይህ የትናንት ወሬ እንዳይመስላችሁ። ቢስፌኖል ኤ የሚባለው ቅመም ኤስትሮጅንን እንደሚመስል የታወቀው ፕላስቲክ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው! እ.ኤ.አ. በ1936 እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ቻርልስ ዶድስ ሰው ሠራሽ የሴት ሆርሞን ሲፈልጉ ከሞከሯቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነበር። ደካማ ሆኖ ስላገኙት ተዉትና በ1938 ዲኢኤስ የተባለውን ብርቱውን አገኙ። ዲኢኤስ ጽንስ እንዳይወርድ እየተባለ ለሚሊዮኖች ነፍሰ ጡሮች ተሰጠ። በ1971 ቦስተን ውስጥ ሐኪሞች በወጣት ሴቶች ላይ እምብዛም የማይታይ የብልት ካንሰር ሲያዩ ምንጩን ፈለጉ። መድኃኒቱን የዋጡት እናቶቻቸው ነበሩ፤ የታመሙት ግን በማኅፀን የነበሩት ልጆች ናቸው፤ ያውም ከዓመታት በኋላ። ደካማው ወንድም፣ ቢስፌኖል ኤ፣ በ1950ዎቹ ፖሊካርቦኔት የሚባለው ጠንካራና ብርጭቆ መሳይ ፕላስቲክ መሥሪያ ሆነ። በ1993 በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «እርሾ ኤስትሮጅን ሠራ» ብለው ሲያስቡ፣ ኤስትሮጅን የመሰለው ነገር የመጣው በእንፋሎት ካሞቁት የፕላስቲክ ዕቃቸው መሆኑን ደረሱበት።

ይህ ፖሊካርቦኔት የት እንዳለ ታውቃላችሁ? በየመሥሪያ ቤቱ ዲስፔንሰር ላይ የምትገለበጠው ትልቋ ሰማያዊ የውሃ ዕቃ፣ ብዙውን ጊዜ ከእሱ ነው የምትሠራው። ስለ አካባቢ ጥበቃ ስብሰባ ተቀምጠው የሚጠጡት ከእሷ ነው ማለት ነው። ሌላው ፋታሌት የሚባለው የማለስለሻ ዘር ነው። ፒቪሲ የሚባለውን ደረቅ ፕላስቲክ እንደ ቆዳ የሚያለሰልሰው፣ አንዳንዴም የዕቃውን ክብደት እስከ 40 በመቶ የሚይዘው እሱ ነው። ፋታሌት በወንድ ሆርሞን ላይ እንደሚሠራ በእንስሳት ላይ በደንብ ታይቷል፤ በሰውም ላይ እናቶች በእርግዝና ጊዜ ያላቸው የፋታሌት መጠን ከወንድ ልጆቻቸው የብልት አካባቢ አፈጣጠር ጋር እንደሚያያዝ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የአሜሪካ ጥናት አሳይቷል።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ልዙር፤ እዚያም ቅሬታ አለኝ። በየኤፍኤሙ «ፕላስቲክ ካንሰር ያመጣል!» እያሉ የሚያስፈራሩን ሰዎች አሉ። አንዱን ዓረፍተ ነገር ለሃይላንዱም፣ ለፌስታሉም፣ ለወንበሩም ያውሉታል። ሁሉም ፕላስቲክ አንድ አይደለም። የውሃው ጠርሙስ ፔት ከሚባለው ነው የሚሠራው፤ ቢስፌኖል ኤ ቅመሙ አይደለም። ከእሱ በሙቀት የሚወጣው ለሥራው የሚውለው አንቲሞኒ የተባለ ብረት ነው፤ ፀሐይ ላይ ተከምሮ የዋለ ውሃ ጥላ ሥር ከዋለው የሚለየው በዚህ ነው። ጀሪካኑና ፌስታሉ ፖሊኤቲሊን ናቸው። ፖሊኤቲሊን ከሌሎቹ ይሻላል፤ ማለስለሻ አይፈልግም። ግን ቀለሙ፣ ማረጊያው፣ ከዚያም ተሰብስቦ እንደገና ሲቀልጥ አብሮት የሚቀልጠው ሌላ ነገር አለ። ጥቁሩ ፌስታል ምን ምን ተቀላቅሎበት እንደጠቆረ ሻጩም አያውቅም፣ ገዢውም አይጠይቅም። ይህንን ሳይለዩ ሁሉንም በአንድ ጅራፍ መምታት ለሰሚው የሚተርፈው ድካም ብቻ ነው። ሰው «ሁሉም ነገር ካንሰር ከሆነማ…» ብሎ ትከሻውን ነቅንቆ ያልፋል፤ አይፈረድበትም።

ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው አልተስማሙም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2023 ሰው በቀን ቢወስድ አይጎዳውም የሚባለውን የቢስፌኖል ኤ መጠን በ20,000 እጥፍ ዝቅ አደረገው። የጀርመኑ የስጋት ግምገማ ተቋም «ይሄ በዛ» ብሎ ተቃወመ፤ ራሱ ያቀረበው ግን ከድሮው በጣም ያነሰ ነው። ልብ በሉ፣ ክርክሩ ምን ያህል ይቀነስ በሚለው ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሳይውል ሳያድር ቢስፌኖል ኤን ከምግብ መያዣ ለማስወጣት ወሰነ። የሕጻናት ጡጦማ በ2011 ነው የተከለከለበት። «ቢፒኤ የሌለበት» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጡጦ አዲስ አበባ ውስጥ አቅም ያለው ይገዛል። በቢፒኤ ቦታ አንዳንዴ የሚገባው ቢስፌኖል ኤስ የተባለው የአክስቱ ልጅ ነው፤ እሱም ሆርሞን ይመስላል።

የእኛ ሕግስ? በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ የላስቲክ ከረጢት እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። አዋጁ ወጣ፣ ፌስታሉም ስስ እንደሆነ ቀጠለ። በየገበያው በሚሊ ሜትር የሚለካ ተቆጣጣሪ አይቼ አላውቅም። በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ባጸደቀው አዲስ አዋጅ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ፌስታል ጨርሶ ታገደ፤ ሲጠቀም የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንዲቀጣ ተደነገገ። እሰየው ነው። ቦዩ እንዳይደፈን፣ ላሟ ላስቲክ በልታ እንዳትሞት፣ ማሳው እንዳይበላሽ ይጠቅማል።

የሁለቱም አዋጆች ዓይን ግን ያለው ከተጣለ በኋላ ባለው ፌስታል ላይ ነው። ሰው እጅ ላይ ሳለ፣ ሽሮው ውስጡ ሳለ፣ ያኔ ምን እንደሚያደርግ የጠየቀ የለም። ስለዚህ ሽሮው ከፌስታል ወጥቶ ወደ ስስ የፕላስቲክ ሳህን ቢገባ ቦዩ ይድን ይሆናል፤ የተመጋቢው ነገር ግን እንደነበረ ነው። በፌስታሉ ምትክ የመጣው ጨርቅ የሚመስል ከረጢትም ብዙውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ በአጭሩ ፕላስቲክ። ለነገሩ ዓለምም ከእኛ ብዙም አልተሻለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ጄኔቫ ላይ ስለ ፕላስቲክ ስምምነት የተቀመጡት መንግሥታት ሳይስማሙ ተበተኑ፤ ካጨቃጨቋቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የኬሚካሉ ጉዳይ ነው።

ዕቃ የያዘውን ነገር እንደሚበክል ግን እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በፊት በገንዘባችን ከፍለን ተምረን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008፣ በእኛ ግንቦት 2000 ዓ.ም. ገደማ፣ ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ እንደ ሊንዴን ያሉ አሮጌ ፀረ ተባዮች አገኘች። ጃፓን ከትልልቆቹ የቡና ገዢዎቻችን አንዷ ነበረች። ቡናው እየተመረመረ ካልሆነ አይገባም ተባለ፤ ሽያጩ ተንኮታኮተ። የእኛ ገበሬ፣ በተለይ የጌዴኦ ገበሬ፣ ጓሮው ውስጥ ከእንሰት ሥር ለሚያበቅለው ቡና መርዝ ከየት አምጥቶ ይረጫል? ጣቱ የተቀሰረው በቡናው ላይ አልነበረም፤ በጆንያው ላይ ነበር። ቡናው የታመመው ከተቀመጠበት ዕቃ ነው ተባለ። ሊንዴንም እንግዲህ ሆርሞን ከሚያውኩት ወገን ነው።

ያኔ ነጋዴውም ባለሥልጣኑም ስለ ጆንያ ያልተናገረው አልነበረም። ጆንያው ከየት መጣ? በምን ታሸ? ቀድሞ ምን ተጭኖበት ነበር? ትክክለኛ ጥያቄዎች ናቸው። አንድ ጃፓናዊ በቀን ለሚጠጣት ለሁለት ስኒ ቡና ነበር የተጠየቁት። በቀን ሦስት ጊዜ ለሚበላው ለዲላው ሰው ያንኑ ጥያቄ ስለ ፌስታሉ የጠየቀለት የለም። ለጃፓን ጆንያውን መረመርን፤ ለራሳችን ትኩሱን በላስቲክ ቋጠርን። የውጭ ምንዛሪ የማያመጣ ጉበት አይመረመርም ማለት ነው?

በዚህ ላይ የቦታው ምጸት አለ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የተመዘገበው ያ እንሰትን፣ ቡናን፣ ዛፍንና ሰውን አንድ ላይ ያኖረ የአኗኗር ጥበብ ነው። በዚያ ጥበብ ውስጥ የእንሰት ቅጠል ዋና ዕቃ ነው። ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ የሚብላላው በቅጠሉ ተጠቅልሎ ነው፤ የሚጋገረው በቅጠሉ ነው፤ ገበያ የሚወጣው በቅጠሉ ነው። የጌዴኦ ጓሮ ምግቡን ከነመጠቅለያው ያበቅላል። እኛ ቅርሱን በሪያድ ጉባኤ አስመዝግበን ስናጨበጭብ፣ ቅጠሉን ከገበያ በፌስታል እየተካነው ነበር።

ይህን ስል «ወደ ድሮው እንመለስ» የሚል ዘፈን ልዘፍን አይደለም። በዳገት ላይ በጀርባዋ የሸክላ እንስራ ስታመላልስ የኖረችን ሴት ጀሪካን ምን እንዳደረገላት መጠየቅ ነው፤ እንስራው ባዶውንም ሸክም ነበር። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሳው ግጭት መቶ ሺዎች ሲፈናቀሉ፣ ክረምቱን በዝናብ ያሳለፉት በፕላስቲክ ሸራ ሥር ነው። ለዚያ ሰው ስለ ፋታሌት ማውራት ስላቅ ይሆናል። ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይም ቢሆን ላስቲክ ሲለብስ አይቻለሁ፤ ዝናብና የሌሊት እርጥበት እንዳይበላው ነው። ፕላስቲክን የምወቅሰው በሌላ ምትክ በሌለበት ቦታ አይደለም። ምትኩ ጓሮ በበቀለበትና ዕቃው በማይሆንበት ሥራ ላይ በዋለበት ቦታ ነው።

የማይሆንበት ሥራ የምለው ብዙ አይደለም። ከሁሉ በፊት ትኩስና ቅባት ያለበት ምግብ በፌስታል መቋጠር ነው። ሁለተኛው ከሰል በላስቲክ ማያያዝ ነው፤ ይህን በየቤቱ እናውቀዋለን። ቡና ለማፍላት ከሰሉ እንቢ ሲል ቁራጭ ላስቲክ ይለኮስና ሥሩ ይወተፋል። ፌስታል ሆኖ ቢገኝ ጥላሸቱ ይበቃል፤ ፒቪሲ ከሆነ ግን ከጭሱ ዳይኦክሲን የሚባለው የሆርሞን ጠላት ይወጣል፣ ሕጻን ያዘለችው እናት ጎንበስ ብላ «እፍ» የምትለውም እሱኑ ነው። ሌላው ፀረ ተባይ የነበረበት ጀሪካን ነው። ለማጠብማ ይታጠባል፣ በአመድም በአሸዋም ይፈተጋል፤ ፕላስቲኩ የጠጣውን ግን በአመድ ማውጣት አይቻልም። በዚህ በኩል ያለብንን ዕዳ ጅማ፣ ሰርቦና አሰንዳቦ ላይ አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በእነዚህ ከተሞች እናቶች ጡት ወተት ውስጥ ዲዲቲ አግኝቷል። ዲዲቲም እንደ ሌሎቹ ቁልፍ መሳይ ነው። የእናት ጡት እንዲህ ከሆነ የጡጦው ነገር…

ዲላ ዩኒቨርሲቲ አላት። ኬሚስትሪም ይማሩበታል፣ ጤናም ይማሩበታል፣ ደጁ ላይ ደግሞ ሽሮ በፌስታል ይሸጥበታል። ተመራቂ ተማሪ ርዕስ ጠፋኝ ሲል እሰማለሁ። ሽሮውን ከድስቱ በብርጭቆ ይቅዳ፣ ያንኑ ሽሮ ፌስታል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያቆየው፣ ያንኑ ደግሞ በእንሰት ቅጠል ይጠቅልለው፤ ከዚያ ሦስቱን ይለካ። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ለዚያች ባለ ምግብ ቤትና ለደንበኞቿ ይነገራቸው፣ በአማርኛም በጌዴኦኛም።

አዋጁን የሚያስፈጽም መመሪያ የሚያረቁ ሰዎች ይህን ካነበቡ አንድ መስመር ለምኛቸዋለሁ። ውፍረቱንና ቅጣቱን ከደነገጉ በኋላ፣ ከታች፣ «ትኩስ ምግብና መጠጥ በፕላስቲክ ከረጢት አይሸጥም» ይበሉበት። ሳህኑን ይዞ ለሚመጣ ሰው ሽሮውን በአንድ ብር ይቀንሱለት ብል ደግሞ ይስቁብኝ ይሆናል፤ የፌስታሉ ዋጋ ስለሚተርፍላት ባለ ምግብ ቤቷ ግን የምትስቅ አይመስለኝም።